ያንቺ ሰዎች እነማን ናቸው?

ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር
ሐምሌ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አቻምየለህ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ እትዬ ሸዋርካብሽና ልጃችሁ ባንተአምላክ እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱስ እንዴት ያዛችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ጤናዬን ነኝ። በስልክ ድምፄ አልሰማ እያለዎ፣ እኔም ስጮህ ጎረቤት እየደነገጠ ስለተቸገርን፣ ከእንግዲህ በኮምቦልቻና በሀርጌሳ መካከል ዕቃ በሚያመላልሰው በሲራጅ እጅ ደብዳቤ እልክልዎታለሁ።

ወደዚህ ያመጣኝ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ እኔ ቀርቻለሁ። ከለንደን የተመለሰች ዶክተር ሻምሶ የምትባል ሐኪም ክሊኒክ አላት፤ እዚያ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በግሌ መሥራት ጀምሬያለሁ። ያለኝ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና መጋረጃ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያወራል፤ እኔ አዳምጣለሁ፣ እጠይቃለሁ። ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለሌለ ከከተማው ዳር ካለው ከአያሃ ሰፈር የቀን ሠራተኞች የሆኑ የአገራችን ልጆች ይመጣሉ። ከነሱ የምቀበለው ምርቃት ነው።

አሁን አንድ እንግዳ ነገር ገጥሞኛል፤ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ስለሚወዱ ልንገርዎ። ዶክተር ሻምሶ በቀደም ጠርታ ኢንሹራንሴን ጠየቀችኝ። የመኪና ነው ወይስ የሕይወት ብላት ሳቀችብኝ። ለካስ የምክር ኢንሹራንስም አለ። አንድ ሰው «በዳግማዊት ምክር ተጎዳሁ» ብሎ ቢነሣ፣ በኔ ፈንታ የሚከራከርና ካሳ የሚከፍል ኩባንያ ማለት ነው። ለንደን ውስጥ ያለዚህ በር የሚከፍት የሥነ ልቦና ባለሙያ የለም አለች። ያለሱ ክፍሏን እንደማታከራየኝም ቁርጡን ነግራኛለች፤ እስከ መስከረም ጊዜ ሰጥታኛለች።

እዚህ የሚሸጠው አላገኘሁም። ናይሮቢ ካለ ደላላ ጋር አገናኘችኝ። ዋጋውን ሲልክልኝ የተሳሳተ መስሎኝ መልሼ ጻፍኩለት፤ የክፍሌን የግማሽ ዓመት ኪራይ ያህላል። የሥነ ልቦና ሰው ቢላ ስለማይዝ ከቀዶ ሐኪም ይረክሳል፣ አገሩ ሀርጌሳ ስለሆነ ግን እጥፍ ይሆናል ብሎ አስረዳኝ። አንዲት ቃል ናይሮቢ ስትነገርና ሀርጌሳ ስትነገር ዋጋዋ ይለያያል ማለት ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። የቃል ጉዳት በምን ይለካል? እርስዎ የቅሬ ዳኛ ሆነው ስንት ሙግት ሰምተዋል፤ ቃል ሰው ሰብሮ ያውቃል?

አክባሪ ልጅዎ
ዳግማዊት


ሐይቅ
ነሐሴ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዳግማዊት፤

በሄድሽበት ሁሉ የእናቶችሽ ጸሎት ይከተልሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ከዝናቡና ከወሬው ብዛት በስተቀር ደህና ነን። እትዬሽ ሸዋርካብሽ ትስምሻለች።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእትዬሽ፣ አንዴ ደግሞ ለሲራጅ፤ ምን እንደተሸከመ ይወቅ ብዬ። በምክር ላይ መድን አለ ስላቸው የሠፈሩ ሰዎች አላመኑኝም። እኔ ግን አሰብኩበት። አርባ ዓመት ሙሉ ሳስተምር «አንተ ድንጋይ ራስ» ያልኩት ልጅ ብዛቱ! ያን ጊዜ ይህ ኩባንያ ኖሮ ቢሆን በኔ ብቻ ይከስር ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል እንጂ ዋጋ አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ጠይቀሽ ጻፊልኝ። የኛ ቅሬ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ይሠራለታል፣ በሬው ገደል የገባበትን ይደግፋል። ሁሉም ያዋጣል፣ ሁሉም ይመጣል። ያ ኩባንያስ ሰው ሲጎዳብሽ ማንን ነው የሚልከው? መልኩን ታውቂዋለሽ? ከታመመው ራስጌ ይቀመጣል? ክፈይ ሲልሽ ተሰብስቦ ነው ወይስ አንድ ሰው ብቻውን ይወስናል? ጥያቄዬ የሽማግሌ ወሬ መውደድ ነው ብለሽ አትለፊኝ፤ የምር ገርሞኛል።

ቃል ሰው ይሰብራል ወይ ላልሽው፣ አዎን ይሰብራል፤ ከዱላ የበለጠ አይቻለሁ። አንድ ነገር ግን ያዢልኝ። ሰው በእጅሽ ከተጎዳ ወሬው ሳይቀድምሽ ድረሺ። ሳይጠይቁሽ ያደረግሽውን ተናገሪ። በኛ ዘንድ ነፍስ ያጠፋ እንኳ በሽማግሌ በኩል «እኔ ነኝ» ካላለ ዕርቅ አይጀመርም፤ ደሙም አይደርቅም። ከዚያ በኋላ ካሳው ቀላል ነው።

መንገዱ ላይ ወታደር በዝቷል፤ ኬላውም እንደዚያው። ሲራጅ እንኳ ሦስት ቦታ አስወርደውኛል ይላል። ከተረፈሽ የንባብ መነጽር ላኪልኝ፤ የኔን በክር አስሬ ነው የጻፍኩልሽ።

አጎትሽ
አቻምየለህ


ሀርጌሳ
ጥቅምት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ አቻምየለህ፤

ሰላምታዬ ከሁሉ ይቅደም። አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልን። መነጽሩን ለሲራጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ካልተስማማዎ ይቀይርልዎታል። ስለ ባንተአምላክ ግን አንዲት ቃል አልጻፉም። ተኳርፋችኋል? ወይስ ኮሌጅ ገብቷል?

ኢንሹራንሱን ገዛሁ። ቁጠባዬን አራግፌ ነው የገዛሁት። ውሉ ሲደርሰኝ እንደ ፈተና አጠናሁት። ከማይሸፍናቸው ነገሮች አንዱ በጦርነት ምክንያት የሚደርስ ጉዳት ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ ጦርነት ያመጣው ነው። ይህንን ለደላላው ብጽፍለት «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ መልሱ ይኸው ነው። ማን ይመጣል ላሉኝም ጠይቄያለሁ፤ ማንም አይመጣም፣ በኢሜይል ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ሮብሌ የሚባል ባለታክሲ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ድሬዳዋ ስለኖረ አማርኛ ይችላል፤ ታሪኩን እንድጽፍልዎም ፈቅዶልኛል። ልጅ እያለ፣ በነሱ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ሀርጌሳን የሚደበድቡት አውሮፕላኖች ይነሡ የነበረው ከራሷ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነው። እናቱ እጁን ይዛ በእግሯ ወደ ኢትዮጵያ አሻገረችው። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ የአየር ማረፊያውን መንገድ ግን መንዳት አይችልም። እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ይጨልማል። ደህና የሚከፍለው ተሳፋሪ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ለእንዲህ ያለ ፍርሃት የተማርነው ቀስ በቀስ መቅረብን ነው። መጀመሪያ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ እስከ ነዳጅ ማደያው፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ። ጥሩ እየሄደ ነበር። ደስ አለኝና ቸኮልኩ፤ ከማደያው ወዲያ ያለውን ብቻህን ሞክረው አልኩት። እንዳልኩት ሄደ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላዩ ሲያልፍ መሪውን ለቀቀና ከቆመ ጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሰው አልሞተም፤ የሮብሌ እግር ግን ክፉኛ ተሰበረ።

የእርስዎ ቃል ትዝ አለኝ። ብርቱካን ገዝቼ ወሬው ሳይቀድመኝ ሆስፒታል ደረስኩ። ወንድሞቹና አጎቶቹ አልጋውን ከበው ቆመዋል። ማንም ሳይጠይቀኝ «ብቻህን ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አብሬው መሄድ ነበረብኝ» አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ወንበር ሰጠኝ።

በማግስቱ ለኩባንያው የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። መልሱ ፈጥኖ መጣ። ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋቱን ያመነ ሰው ውሉን አፍርሷል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ ከጎንሽ አንቆምም አሉኝ። እውነትም አንቀጹ ነበረ፤ አንብቤዋለሁ፣ ግን እንዲህ ማለት ነው ብዬ አልጠረጠርኩም። ዝም ማለት ነበረብኝ ማለት ነው። የተሰበረ ሰው ራስጌ ቆሜ፣ የማውቀውን እያወቅሁ፣ ዝም።

ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ጋሼ፣ ትክክሉ ማን ነው? እርስዎ ወይስ እነሱ?

ልጅዎ
ዳግማዊት


ሀርጌሳ
ኅዳር 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፤

በያላችሁበት እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። መልስዎ አልደረሰኝም፤ ሲራጅ በሹፌሩ እጅ የላከው የቀደመው ደብዳቤዬም መድረሱን አላውቅም። ጦርነቱ እናንተ ዘንድ ገብቷል ይባላል። ስልክ የለም፣ መንገዱም ተዘግቷል፤ ሲራጅ ራሱ እዚሁ ተቀምጧል። ይህችን ጽፌ ለሱ እሰጠዋለሁ፤ መንገዱ የተከፈተ ቀን ያደርስልኛል። ረጅም ደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ ደህና ነን የምትል አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

ክፍሌ ተቆልፏል። ዶክተር ሻምሶ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ያለ ኢንሹራንስ ያለች ሴት ክሊኒኬ ውስጥ ሰው ጎዳች ከተባለ የኔም በር ይዘጋል ብላ ፈራች። ቁልፉን የምትመልስልኝ ከሮብሌ ወገኖች ጋር ነገሩ ካለቀ ብቻ ነው። ካላለቀ እዚህ ከተማ ሥራ የለኝም፤ እነዚያ የዓርብ ልጆችም የሚመጡበት የላቸውም።

የሮብሌ ወገኖች ጠሩኝ። ከክሊኒኩ ጀርባ ካለ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሻይ አቅርበው። ሲራጅ አስተረጎመልኝ። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ወይም ሲሰበር ካሳውን ያጠፋው ሰው ብቻውን አይከፍልም፤ ዘመዶቹ ተካፍለው ይከፍላሉ። ለተጎዳውም ዘመዶቹ ተካፍለው ይቀበላሉ። ሁሉም ሰው ሲወለድ የሚከፍሉለት ሰዎች አብረውት ይወለዳሉ። ሳዳምጥ ቅሬያችንን እያስታወስኩ በልቤ ፈገግ አልኩ።

ወንበር የሰጠኝ ሽማግሌ ቡራሌ ይባላል፤ የሚመራቸው እሱ ነው። ስላመንሽ አክብረንሻል አለኝ። ቀጥሎ ማን ይከፍልልሻል ብሎ ጠየቀኝ። ኢንሹራንስ ነበረኝ፣ ግን ፈረሰ አልኩት። ሲራጅ ለማስረዳት ብዙ ደከመ። ቡራሌ በጥሞና ሰማና ኩባንያው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀ። የማንም አይደለም አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የተናገረውን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፤

«ካንቺ ብቻ ብንወስድ ዘረፋ ነው። ብንተውሽ ደግሞ የሮብሌ እግር ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ከፊታችን የሚቀመጥ ወገን እንፈልጋለን። ያንቺ ሰዎች እነማን ናቸው?»

ጋሼ፣ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ዲግሪዬን ጠይቀውኛል፣ ፓስፖርቴን ጠይቀውኛል። በመጨረሻ ሐይቅ የሚባል አገር አጎት አለኝ፣ የቅሬ ዳኛ ነው አልኩ። ቅሬ ምን እንደሆነ ሲራጅ ሲያስረዳቸው እርስ በርስ ተያዩ። የገባቸው ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ እሱ ይጻፍልን፣ እስከ የካቲት እንጠብቃለን አሉ።

በዚህ ጊዜ ይህንን መጠየቄ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሌላ የምለው ሰው የለኝም። ባንተአምላክንም አንድ ቃል ይጻፍልኝ ይበሉት።

ዳግማዊት


ሐይቅ
ጥር 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳግማዊት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። መነጽሩ ተስማምቶኛል።

የሮብሌን ነገር አስቀድማለሁ፤ ጊዜ ቆርጠውልሻልና። ቅሬውን አስጠራሁ። ሰዎቹ ሲገቡ ዛሬስ ማን ሞተ እያሉ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ለሌላ ነገር ተሰብስበን አናውቅም። ማንም አልሞተም፣ የአንድ ሰው እግር ተሰብሯል፣ ሰውየውም ሀርጌሳ ነው ያለው አልኳቸው። ይሄይስን ታውቂዋለሽ፣ አፉ ቶሎ ነው። የራሳችንን ሰው የምንገንዝበት አቡጀዲ አጥተን የሀርጌሳ እግር ልንጠግን ነው ወይ አለ። አልተቆጣሁትም፤ እውነቱን ነው። ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩላቸው፤ ስለ ኩባንያው ሲሰሙ ሳቁ፤ ስንት ጊዜያቸው ነው ከሳቁ። የማን ልጅ ነው የሚለው ላይ ስደርስ ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ዓለምነሽ ተነሣች፤ እሷ ባሏን የቀበረችው በጥቅምት ነው። «ልጅቷ የማን ናት ብለው ሲጠይቁን፣ የማንም አይደለችም ልንል ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ለሽማግሌዎቹ እንዲህ በይልኝ። ዳግማዊት የኛ ናት። ጥፋቷ ጥፋታችን ነው። ከፊታችሁ ለመቀመጥ መንገዱ ባይፈቅድልንም እንደተቀመጥን ቁጠሩን። የፈረዳችሁብንን እንከፍላለን፤ አሁን ግን ጎተራችን ባዶ ነውና እህል እስኪገባ ታገሡን። ከናንተም ወገን ሰው ወደዚህ መጥቶ ቢጎዳ እንሸከመዋለን፣ ቢሞት እንቀብረዋለን። የሁላችንም ፊርማ ከዚህ ጋር ታጥፏል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ፈርሟል።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። በክረምቱ የባንተአምላክን ስም ያልጻፍኩት ደብዳቤ ኬላ ላይ ይከፈታል፣ እቤቱ ወጣት ልጅ አለ ተብሎ ለጦርነት ይወስዱታል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን የምፈራው የለኝም። ኅዳር ላይ እናቱ ዱቄት አልቆባት እህል ሊያስፈጭ ወጣ። ወታደሮች ከወዲህኛው ጋራና ከወዲያኛው ጋራ ሆነው ይታኮሱ ነበር። ጥይቱ ከየትኛው እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። በማግስቱ ፋታ ሲገኝ ቅሬው ቀበረው። ሸዋርካብሽ ከዚያ ወዲህ ብዙ አትናገርም።

ትክክሉ ማን ነው ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ወይስ ኩባንያው። ልጄ፣ እኔ በየቀኑ ደጄ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ሰው ሲመጣ ይታየኛል። ካሳ ይዞ አይደለም፤ ብርቱካንም አያስፈልገውም። መጥቶ «እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው» ቢለኝ የምቀመጥበትን ወንበር እሰጠው ነበር። ማንም አልመጣም። ምናልባት ለሁሉም ዝም በሉ ያላቸው አለ። ስለዚህ አንቺ ትክክል ነሽ፤ ዋጋው ቤትሽንም ቢያዘጋ ትክክል ነሽ። ያንን ሆስፒታል ውስጥ ያደረግሽውን ሳስብ ብቻ ነው ሰሞኑን ልቤ ትንሽ የሚያርፈው።

ከቻልሽ አቡጀዲ ላኪልን። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ
አቻምየለህ


ሀርጌሳ
የካቲት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ አቻምየለህ፣ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፤

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ነፍሱን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። የሰው ኀዘን ማዳመጥ ሥራዬ ነው፤ የራሴ ሲመጣ ግን ሲራጅ ደብዳቤውን ከእጄ እስኪወስደው ድረስ ቆሜ ነበር። ባንተአምላክ ታናሼ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ስለሱ እየደጋገምኩ ስጠይቅዎት እርስዎ ምን ይሰማዎ እንደነበር ሳስብ በራሴ አዝናለሁ።

የአያሃ ልጆች ሰምተው ሥራ ትተው መጡ። ዶክተር ሻምሶ የተቆለፈውን ክፍሌን ከፈተችልንና እዚያው ተቀመጥን። ወንበሩ ስላልበቃ መሬት ላይ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ በቀጠሮው ቀን ሄድኩ። ሲራጅ ደብዳቤዎን ያነባል፣ ይተረጉማል። የቅሬውን ቃል ሲሰሙ ተራ በተራ ወረቀቱን ተቀብለው ፊርማዎቹን አዩ። ወገን አላት አሉ። ከዚያ ፈረዱ። መሪውን የያዘው ሮብሌ ራሱ ስለሆነ ግማሹ በሱ ወገን፣ ግማሹ በኛ። እህል እስኪገባ ይቆያል፤ ቀን አልቆረጡም። ሮብሌ በክራንች ቆሞ፣ እግሩ ሲድን ያቺን መንገድ ከኔ ጋር ሊቀጥል እንደሚፈልግ ተናገረ። ቁልፌ ተመለሰልኝ።

ሲራጅ ከቅሬው ቃል በኋላ ማንበቡን ሊያቆም ነበር። ቡራሌ የቀረውን አንብብ አለው። አነበበው። ደጅዎ ላይ ስለመቀመጥዎ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠ፤ ውኃ ሰጡት፤ ጠጥቶ ቀጠለ። አንድ ሽማግሌ፣ እነዚህ ሰዎች ልጅ ቀብረዋል፣ የእግሩ ነገር ይቅር አለ። እኔም በልቤ እሰይ አልኩ። ቡራሌ ግን አልተቀበለም። ካሳው ካሳ ነው፣ ለቅሶው ለቅሶ ነው፤ ከቀላቀልናቸው ልጁን በእግር ለወጥነው ማለት ነው አለ። አፈርኩ።

ከዚያ ስለ ገዳዩ ጠየቀኝ፤ የመጣ ሰው አለ ወይ አለ። የለም አልኩት። እሱም ሀርጌሳ በአውሮፕላን በተደበደበችበት ዘመን ከቤቱ የቀበረው ሰው እንዳለ፣ ለዓመታትም የሚመጣ ሰው እንደጠበቀ ነገረን። እስከ ዛሬ የመጣ የለም። ተነሥቶ ምንጣፉን ማጠፍ ሲጀምር ስብሰባው ያለቀ መሰለኝ። ለሰዎቹ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሁሉም ተነሡ። ሲራጅ እስኪተረጉምልኝ አልገባኝም ነበር።

«የገደለው ካልመጣ እኛ እንሂድ» ነው ያለው።

ይህንን ደብዳቤ የሲራጅ ሹፌር ቀድሞን ያደርስልዎታል። እኛ የይለፍ ወረቀቱ እንዳለቀ እንነሣለን፤ ቡራሌ፣ የሮብሌ አጎት፣ ሲራጅና እኔ። አቡጀዲውን ጭነናል። ከሩቅ አገር ሽማግሌ መጥቶ ኀዘን ሊቀመጥ ነው ብለው ለእትዬ ይንገሯት፤ አማርኛ አያውቁም፣ ግድ የለም፣ ከጎኗ ይቀመጡላታል።

ጋሼ፣ እስክንደርስ ደጁን አይዝጉት፤ ሰው እየመጣ ነው።

ልጃችሁ
ዳግማዊት